የዚፑ ገጽ

ጥርስ ሠሪዋ በዓለም ላይ የምትፈራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው አማቷ። ክፋቱ፣ አማቷ ኮምፒውተር ነበራቸው።

ፈሪ ነች ብላችሁ እንዳትስቁባት። የምትሠራበት የሰው ሠራሽ ጥርስ ቤት አንድ ቀን ጠዋት ሲከፈት ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ተቆልፈው ተገኝተዋል። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሌቦች በኢንተርኔት ገብተው፣ የስንቱን ሰው የመንጋጋ ልክ ይዘው ጠፉ። ጥርስ ሊያስገጥሙ የመጡ አዛውንቶች አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ኮሪደር ላይ ተደርድረው ሲጠብቁ፣ «ልክዎ ጠፍቷል፣ እንደገና እንለካዎ» እያለች አንድ በአንድ የነገረቻቸው እሷ ነች። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባት። ስልኳ ሳታስበው ጥሪ ካሰማ እንኳ ደረቷን ትይዛለች።

አማቷን የምትፈራበት ምክንያት ደግሞ ማብራሪያ አያሻውም። ጡረታ የወጡ የልብስ ስፌት መምህርት ናቸው። ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን የእጅጌውን ስፌት ነው፤ ስፌቱ ከተጣመመ ባለቤቱም ጠማማ ነው። ጡረታ ሲወጡ እንደ እኩዮቻቸው አርፈው በመቀመጥ ፋንታ ብሎግ ከፈቱ። ብሎጉን ለዚሁ በሚያከራይ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡት ቢባሉም፣ የራሴን ነገር በሰው ጓዳ አላኖርም ብለው እምቢ አሉ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ስፌት ክፍላቸው ውስጥ፣ በክር ጥቅልሎችና በቁልፍ ጣሳዎች መሃል መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያጉረመረመ ይሠራል። ኮሌታ ሲያልቅ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ የሰፋ ወገብ እንዴት እንደሚጠብ፣ የጃኬት ዚፕ እንዴት እንደሚቀየር፣ እሳቸው የጻፉት ሁሉ ከዚያ ሳጥን ወጥቶ ለሚፈልገው ይዳረሳል።

የብሎጉ ሶፍትዌር ግን አርጅቶ ነበር። የሠሩት ሰዎች በወሩ መጨረሻ አሮጌውን መደገፍ እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሌባ ይገባበታል። ይህ ማስታወቂያ የመጣው ደግሞ አማቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉ ሆስፒታል በሚገቡበት ሰሞን ነው። ልጃቸው፣ ማለትም የጥርስ ሠሪዋ ባል፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ምራቲቱ ተጠራች።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ማሻሻሉን አትነኪውም፣ እሱን ስመለስ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ታደርጊዋለሽ፤ አንቺ አዘጋጂው ብቻ ተባለች። የሁሉንም ነገር ቅጂ ውሰጂ፣ ቅጂውን በባልሽ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጠሽ ማሻሻያውን መጀመሪያ በቅጂው ላይ ሞክሪ፣ በየገጹ የሚለጠፈውን የማይረባ አስተያየት፣ ያን ቆሻሻ አጽጂ። ጥርስ ሠሪዋ ልትነሳ ስትል አማቷ እጇን ያዙ።

«የገጾቹን አሮጌ አድራሻዎች ግን እንዳትነኪ። በተለይ የዚፑን ገጽ።»

ለምን ብላ ጠየቀች። «ሳትለኪ አትቁረጪ» አሏት። ይህ መልስ አይደለም፤ ግን እኚህን ሴት ሁለተኛ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

እረፍት በወጣች ቀን የስፌት ክፍሉን ከፍታ ሥራ ጀመረች። ቅጂውን ወሰደች። ላፕቶፑ ላይ ጫነችው፣ ማሻሻያውን አስነሳችና ገጹን ስትከፍት ፊደሎቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ጠበቋት። ስለ ኮሌታ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት፣ ስለ ወገብ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመልሱ የኖሩት መምህርት ከላይ እስከ ታች ጠያቂ ሆነው ቀሩ። ይሄ ቅጂው ነው፣ ዋናው ደህና ነው እያለች፣ ግን አላምን ብላ እየተመላለሰች የመደርደሪያውን ኮምፒውተር አየችው። ደህና ነበር። ቅጂ ስትወስድ ፊደሉ በምን ዓይነት እንደሚቀመጥ መምረጥ ነበረባት፣ አልመረጠችም። እንደገና ወሰደች፣ እንደገና ሞከረች፣ ፊደሎቹ ተመለሱ። አሮጌዎቹ አድራሻዎች ግን በማሻሻያው ጊዜ ከነፋይላቸው ጠፉ፤ ፋይሉን ከቅጂው አውጥታ በእጇ ስትመልሰው እነሱም ተመለሱ።

ቆሻሻውን ማጽዳት ቀረ። ማን እንደሚለጥፈው ለማየት የብሎጉን የጎብኚ ቆጣሪ ከፈተች፤ እሱም ማን ከየት መጥቶ የትኛውን ገጽ እንዳየ ያሳያል። ስም የለውም፣ የየጎብኚው የኢንተርኔት ቁጥር ብቻ ነው። ከቁጥሮቹ አንዱ ዓይኗን ያዘው። ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው። ሌላው ሰው ከገጽ ገጽ ሲዘዋወር፣ ይሄኛው በአሮጌ አድራሻ በኩል አንድ ገጽ ብቻ ይከፍታል፤ የዚፑን። ከፍቶ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ይመለሳል። ወደ ኋላ ብትሄድም እንዲሁ ነው፣ ዓመታት እንዲሁ ነው። ዚፕ መቀየር ለመማር ዓመታት የሚፈጅበት ሰው የለም። ሌባ ነው አለች በልቧ፤ አንድ መስኮት መርጦ፣ ሳይቆለፍ የቀረ ዕለት ለመግባት እየመጣ የሚገፋ ሌባ። የመሥሪያ ቤቷን ኮምፒውተሮች የዘረፉትም ከመግባታቸው በፊት ለወራት እንዲህ ሲያንኳኩ እንደነበር ያኔ የመጣው ባለሙያ ነግሯታል። ቁጥሩን አገደችው።

እዚህ ላይ ብታቆም ምንኛ ደግ ነበር። ፕሮግራሙ ግን የታገደው ሰው ሲመጣ ምን ላሳየው ብሎ ጠየቃት። ባዶ መተው ይቻል ነበር። እሷ ደግሞ ፍርሃቷ ሲለቃት ቁጣ የሚተካባት ሴት ነች። የእነዚያ ሁሉ አዛውንቶች ድድ ትዝ አላት። «አውቄሃለሁ። ሁለተኛ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጥ» ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለ ቃል በቋንቋችን ሞልቷል፤ የተናደደ ሁሉ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ከዚያ ሻይ አፍልታ በራሷ ኮርታ ጠጣች።

አማቷ ከሆስፒታል የተመለሱት አንዱ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ሌላው ዓይናቸውም እምብዛም አያይም ነበር፤ ስክሪን ደግሞ ጨርሶ ተከልክለዋል። ግድግዳውን እየዳሰሱ በቀጥታ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄዱና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጥርስ ሠሪዋ ሪፖርቷን ጀመረች፤ ቅጂውን፣ ሙከራውን፣ የፊደሎቹን መጥፋትና መመለስ። ምስጋና እንኳ ባይሆን ራስ መነቅነቅ ትጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን የጎረቤት ወሬ እንደሚሰማ ሰው አስጨረሷት።

«የዚፑን ገጽ የከፈተ አለ?»

የቱን ማለትዎ ነው አለች፤ የቱን እንደሆነ ግን ሆዷ አውቆታል።

«ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። እኔ ሆስፒታል ስተኛ መጥቶ መሆን አለበት። እስኪ እይልኝ ልጄ።»

ማዘዝ እንጂ መለመን የማያውቁት ሴት ድምፅ ውስጥ ልመና ነበረበት። ይሄ ነው ክው ያደረጋት። ኢንተርኔቱ ደከም ብሏል፣ በኋላ አየዋለሁ ብላ ወደ ኩሽና ወጣች፤ በሩን ዘጋችና ባሏ ጋ ደወለች።

ሹፌሩ መናኸሪያ ውስጥ ነበር፤ ጥሩምባና የተሳፋሪ ጩኸት ይሰማል። ስለ ዚፑ ገጽ ስትጠይቀው ከጩኸቱ ራቅ አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት። ገጹ ላይ ባለው ፎቶ ውስጥ ጃኬቱን የያዙት እጆች የታናሽ ወንድሙ ናቸው፤ ጃኬቱም የእሱ ነው፣ ዚፑን የቀየሩለት እናቱ ናቸው። ጥርስ ሠሪዋ ይህን ወንድም አታውቀውም፤ እሷ ወደዚህ ቤት በትዳር ስትመጣ እሱ ሄዷል፣ በቤቱም ውስጥ ስሙ አይነሳም። እናትየው ያን ገጽ ሲጽፉ፣ እጅህን እይ ብለው አድራሻውን በስልኩ ላኩለት። ኋላ የብሎጉ አድራሻዎች ሲለወጡ ያ አሮጌው አድራሻ ከእሱ በቀር ማንም ዘንድ አልቀረም። ከዚያ አባታቸው ሞቱ። ታናሹ ሩቅ ሥራ ላይ ነበር፣ ስልኩም ተዘግቶ ነበር፤ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። እናትየው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ምን አሉት?»

«ሁለተኛ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጥ ነው ያለችው። እሱም አልረገጠም። ስልኩንም ቀየረ። የት እንዳለ አናውቅም።» ከዚያ፣ «ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

ምንም አለች። ስልኩን ዘግታ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጠች። እንግዲህ እኚያ ሴት ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ይዘው ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጡት ለኮሌታ አልነበረም። ልጃቸው በሕይወት መኖሩን የሚያውቁት በዚያች ቁጥር ነው። ለማንም አልተናገሩም፤ ያባረሩት ራሳቸው ናቸውና ለማን ይናገራሉ።

አማቷ ጋደም ሲሉ ጠብቃ ቆጣሪውን ከፈተችው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። ቁጥሩ ካገደችው በኋላ መጥቷል፤ ቃሉን አንብቦ ተመልሷል። ወዲያው ደግሞ እንደገና መጥቷል፤ ያነበበውን ማመን እንዳቃተው ሰው። እንደገና ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ የለም። እገዳውን አነሳች፣ ጽሑፉን አጠፋች፣ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ከኪቦርድ የወጣም እንዲሁ። ቤቱን ከሌባ እጠብቃለሁ ብላ ልጁን አባረረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። «መጣ?» ይላሉ አማቷ፤ «ገና ነው እማማ» ትላለች። ሥራ ቦታ የአንዱን ሰው የላይ ጥርስ ለሌላው ሰው የታች ጥርስ ሞርዳ አለቃዋን አስጮኸች። አማቷ ምግብ መቀነስ ጀመሩ። ታሞ ይሆን እንዴ አሉ አንድ ቀን፣ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ሞቶስ እንደሆነ ማን ይነግረኛል አሉ።

መጣ ብላ ልትዋሽ አስባ ነበር። ዓይናቸው ተሸፍኗል፣ ማን ያያል? አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ጨርቁ የሚነሳበት ቀን አለ፤ የተፈታና እንደገና የተሰፋ ስፌት ከሩቅ ለይተው የሚያውቁ ሴት ደግሞ ይህን አያጡትም። ከዚያ በላይ ግን፣ ሞቶ እንደሆነ የሚለው ነገር አንጀቷን በላው። ልጁ አልሞተም። ለምን እንደማይመጣ የምታውቀው እሷ ብቻ ነች።

እግራቸው ሥር ተቀምጣ ነገረቻቸው። ሌባ መስሏት እንደሆነ፣ እንዳገደችው፣ መጥቶ እንደተመለሰ። የአማቷ እጅ አንገታቸው ላይ ያለውን የልብስ መለኪያ ሜትር ፈልጎ አገኘና ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ምን የሚል ነገር ጻፍሽበት? ቃሉን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው።

ቢጮኹ ይሻላት ነበር። አልጮኹም። ሜትሩን ጠቅልለው ጨረሱ። «ይህን ቃል ከእኔ በቀር የነገረው ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ይህን ሁሉ ዓመት ስታየኝ ቆይታ ደግማ አባረረችኝ ይላል።» የዓይናቸው ጨርቅ ከሥሩ መርጠብ ጀመረ።

«እማማ፣ ሐኪሙ እንዳያለቅሱ ብሏል።»

«ሐኪሙ ልጅ አላባረረም።»

ከቤት ውጭ አንድ ሰው ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፍ ተሰማ፤ ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ፤ ፖስተኛው ነበር፣ ለጎረቤት።

«ተነሽ» አሉ አማቷ። «የዚፑ ገጽ ላይ፣ ከፎቶው በላይ፣ የምልሽን ጻፊ። ያኔ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ያለችው ምራቴ ነች፤ ሌባ መስለሃት ነው። በሩ ክፍት ነው።»

ጻፈች። አማቷ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየች። ስንት ተማሪ ያስለቀሱ፣ ለአንዱም ይቅርታ ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«አጥፍቻለሁ ብለሽ ጨምሪበት። እኔ የሚለውን እንዳትረሺ።»

ይህ የሆነው የወሩ መጨረሻ ሊደርስ ሲል ነው። ጥርስ ሠሪዋ ማሻሻሉ ይቅርብን ብላ ለመነች። ባይሆን ሌላ ጊዜ እናድርገው፤ አድራሻው ቢሰበርስ? ቢመጣና ባዶ ገጽ ቢጠብቀውስ? ከአንድም ሁለቴ ተባሮ ሦስተኛ በሩን ቢያጣ ተመልሶ ይመጣል? አማቷ ሁሉንም ሰሟት። ካልተሻሻለ እውነተኛው ሌባ ይገባና ገጹን ከነፎቶው ያጠፋዋል አሉ፤ ያኔ ደግሞ እጁም የለንም።

«ለክተሻል?»

«ለክቻለሁ።»

«እንግዲያው ቁረጪ።»

ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እየተንፏቀቀ ሄደ፣ መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። የመደርደሪያው ኮምፒውተር ማጉረምረሙን ጨመረ። ምን ይላል ይላሉ አማቷ፤ ቆሟል ትላለች፤ አትንኪው ይላሉ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ጥርስ ሠሪዋ የአማቷን እጅ መቼ እንደያዘች አታውቅም። ከዚያ ብሎጉ ብቅ አለ፤ ኮሌታው፣ ወገቡ፣ ሁሉም አለ። የዚፑን ገጽ በአሮጌው አድራሻ ከፈተችው።

ገጹ አልተገኘም ይላል።

ጮክ ብላ አላነበበችውም፤ ግን እስትንፋሷ ሲቆም አማቷ ሰምተዋል። «ምንድን ነው? ጠፋ?» አሉ። በሙከራው ጊዜ ሠርቶ ነበር፣ በሙከራው ጊዜ ደህና ነበር እያለች ራሷን ያዘች፤ ከዚያ ያኔ በእጇ የመለሰችው ፋይል ትዝ አላት። ቅጂው ውስጥ አለ። ሦስት ጊዜ የይለፍ ቃል ተሳስታ፣ አውጥታ በቦታው መለሰችው። እንደገና ከፈተች። መጀመሪያ ጽሑፉ መጣ፣ ከሥሩ ጃኬቱ፣ ከዚያ ጃኬቱን የያዙት ሁለት እጆች።

«ፊደሉ ፊደል ነው?» አሉ አማቷ።

«ፊደል ነው እማማ።»

ጨርቁ ተነሳ። አማቷ ማየት ጀመሩ፤ ቆጣሪውን ግን ራሳቸው ለማየት ፈሩ። በሕይወቴ እኚህ ሴት ፈሩ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ያኔ ግን ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆመው ምራታቸውን ነበር የሚጠይቁት። ማንም አልመጣም። ሌላም ሳምንት በዚያ አሮጌ አድራሻ ማንም አልመጣም። አዲሱ ሶፍትዌር እንደ ሰዓት ይሠራል፣ መሥራቱ ግን ለሁለቱም ደስታ አልሰጣቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥርስ ሠሪዋ ቆሻሻ አስተያየቶችን እያጠፋች ነበር። አሁን እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሳታነብ አታጠፋም። አንድ አስተያየት ፈቃድ ይጠብቃል። ከማታውቀው ቁጥር ነው፣ ስም የለውም፣ የተጻፈው ዚፑ ገጽ ላይ ነው።

«እማማ» አለች።

አማቷ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። ጥርስ ሠሪዋ አነበበችላቸው፤ «ዚፑ እንደገና ተበላሽቷል። ላምጣው?»

ድገሚው አሉ። ደገመችው። አላመኑም፤ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው በራሳቸው ዓይን አነበቡት። ከጽሑፉ ሥር ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ፍቀድ ይላል፣ አንዱ ሰርዝ ይላል፤ ጎን ለጎን ናቸው። አማቷ ማውሱን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

«አንቺ ንኪው። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

«የእኔም ይንቀጠቀጣል።»

አማቷ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ቅጂውን ውሰጂ» አሉ።

ቅጂውን ወሰደች። ፍቀድ የሚለውንም ነካች። ከዚያ አማቷ በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለጉ፣ «አምጣው» ብለው ጻፉ።